አባቴን ለብቻዬ ላስታምም ባልኩ ጊዜ

መጀመሪያ እምቢ ያላቸው ጥምጥማቸው ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ነጩን ሻሽ ራሳቸው ላይ ለመጠምጠም መስታወት እንኳ አይፈልጉም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሻሹ ሁለት ጊዜ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። እኔ ፒያሳ ወደምሠራበት ጨርቅ ቤት ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «ላግዝዎ፣ አባዬ?» አልኳቸው። ቀኝ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አተኩረው አዩት። አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ። ሊነግሩኝ ሞከሩ። ቃል አልወጣም። ወደቁ።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽተኛ ለተኛባችሁ ነው። ስለ በሽታው የምነግራችሁን ያህል ስለ ራሴም እነግራችኋለሁ። አባቴን የጎዳቸው በሽታው ብቻ አልነበረምና።

ቤታችን ከጊዮርጊስ በታች፣ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ጎረቤቶች ጋሪ ጠሩልኝና ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለነበር የሚያስተረጉምልኝ ድሬሰሩ፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነበር። «የደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል። አንጎላቸው ውስጥ አንድ ደም ሥር ተዘግቷል። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም» አለኝ። ይተርፋሉ ወይ አልኩት። «ይህን ሳምንት እንይ» አለ።

ሳምንቱ አለፈ። አልሞቱም። አልተናገሩም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳቱ ደገሙ። እንባዬ እየወረደ «ውኃ ላምጣልዎት?» አልኳቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም።

ሐኪሙ «አፋዚያ ይባላል» አለ። «በቃል የተጠና ጸሎት በሌላ መንገድ ይወጣል። ያስቸገራቸው የራሳቸውን ሐሳብ በቃል ማውጣት ነው። አንቺ የምትይውን ግን ይሰማሉ።»

በወሩ ወደ ቤት ይዣቸው መጣሁ። የንስሐ ልጆቻቸውም መጡ።

አባቴ የብዙ ቤተሰብ የነፍስ አባት ነበሩ። ነጋዴው፣ ጸሐፊው፣ ጠላ ሻጯ፣ ሁሉም «አባቴ» ይላቸዋል። እኔንና እናቴን ግን አያናዝዙንም፤ የራሴን ቤት ሌላ ካህን ይምከረው ይሉ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ማታ ደክሟቸው ሲገቡ የማገኘው ከሰው የተረፈውን አባቴን ነው። እናቴ ያረፈች ዕለት ሥላሴ አካባቢ ለአንዲት የታመመች የንስሐ ልጃቸው የቀንዲል ጸሎት እያደረሱ ነበር። ሲደርሱ ተገንዛ አገኟት። ይህን ይቅር አላልኳቸውም ነበር። አሁን ታመው የእኔ ብቻ ሲሆኑ፣ ማፈሬ ባይቀርም፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ከመጡት አንዷ እጅጋየሁ ናት፤ አትክልት ተራ ካሮትና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት። ገና ከበሩ ስትገባ አባቴ ቀና ብለው በክርስትና ስሟ «ወለተ ሐና» አሏት። ጥርት አድርገው። ተንበረከከች፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። እኔ ሳበላቸውና ሳጥባቸው ከርሜ ስሜን አልጠሩም። ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ከፈቱና አለቀሱ።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆምኩና ለመጣው ሁሉ «ሐኪሙ ጠያቂ ከልክሏል» አልኩ። ሐኪሙ እንዲህ አላለም።

ሁለት ሳምንት ዘጋሁት። አባቴ ጸሎቱንም ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሾርባውን በከንፈራቸው መለሱት። ወገባቸው ላይ የአልጋ ቁስል ወጣ። ድሬሰሩ ቁስሉን ሊያጥብ መጥቶ «ከማን ጋር ይነጋገራሉ?» አለኝ።

«ከእኔ ጋር።»

«ምን ይሉሻል?»

የቁስሉን ውኃ ልደፋ ተነሣሁ።

«ምላስም እንደ እግር ነው፤ ካልሠራ ይሰንፋል» አለ። «ጸሎትም ቢሆን፣ ስምም ቢሆን፣ የሚቀናቸውን ይበሉ። ከዚህ በፊት የሚያናግሯቸውን ሰዎች አምጪላቸው።»

በዚያው ቀን ወደ አትክልት ተራ ወረድኩ። እጅጋየሁ ሳታየኝ አልቀረችም፤ ሽንኩርት መምረጧን ግን አላቋረጠችም። «ሐኪሙ ፈቅዷል» አልኳት። ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች፤ እስከ ቤት ድረስ ቀድማኝ ሄደች። አባቴን ከስተው ስታያቸው ነው የፈነዳችው።

«ሐኪም አይደለም የከለከለን። አንቺ ነሽ!»

«አባቴ ናቸው!» አልኳት። «አንቺ በፆም በፆም ብቅ እያልሽ ነው የምታውቂያቸው። እኔ የወለዱኝ ነኝ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! እኔን ያሳደገኝ ሰው የለም፤ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። መጥቼ ስናዘዝ አንቺ እዚያ ማዶ ቁጭ ብለሽ ታጠኚያለሽ፤ እሳቸው መለስ ብለው 'አንቺ፣ መብራቱን አቅርቢው፣ ዓይንሽ ይጠፋል' ብለው ይቆጡሻል። እኔን አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ያንን ሁሉ ጉዴን ነግሬያቸው እንኳ 'ይፍታሽ' ነው የሚሉኝ። ስንት ዓመት ቀንቼብሻለሁ መሰለሽ!»

ይህን አልጠበቅኩም። ቢሆንም አፌ አልታሰረም፤ ውጪልኝ ብዬ ጮህኩባት። ያን ጊዜ ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«ተይ!»

አባቴ ነበሩ። ደህናውን እጃቸውን አንሥተው እኔን ነው የሚያዩት። ከታመሙ ወዲህ ጸሎት ያልሆነ፣ ስም ያልሆነ፣ የራሳቸው የሆነ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እጅጋየሁ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «ይኸው፣ ቁጣውም ያንቺ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። እኔን እንጂ እሷን ባለመቆጣታቸው ነው ደስ ያለኝ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መሻል ጀመሩ። እጅጋየሁ ከገበያ ስትመለስ ከቅርጫቷ አንድ ካሮት፣ አንድ ቃሪያ አውጥታ ፊታቸው ትይዛለች፤ ስሙን እስኪሉት ድረስ ቀጣዩን አታወጣም፣ ሲሳሳቱም ሦስታችንም እስክንደክም እንስቃለን። ጸሐፊው የንስሐ ልጃቸው ከአራት ኪሎ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ዳዊት ይጀምርላቸውና መሐል ላይ ያቆማል፤ እሳቸው ይጨርሱታል። ክረምቱ ሲያልፍ ከዘራ ይዘው፣ አንድ ክንዳቸውን እኔ፣ አንዱን እሷ ደግፈናቸው እስከ ጊዮርጊስ ቅጥር ሄዱ። ማናዘዝ ስለማይችሉ ልጆቻቸውን ለሌላ ካህን አስረከቡ፤ ልጆቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ ያለ ኑዛዜም እንደ ልጅ ይመጡ ነበር።

እግዚአብሔርን፣ ያንን ድሬሰር፣ ካሮቷንም ትዕግሥቷንም ያልቆጠረችውን እጅጋየሁን አመሰግናለሁ። እናንተም በሽተኛችሁን በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን አገላብጡ፤ አንሶላው አይጨማደድ። ሲውጡ ካሳላቸው ቀና አድርጋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ አጉርሱ። ቃል ሲጠፋቸው ቀድማችሁ አትናገሩላቸው፤ ቆዩ። እንደ ሕፃን አታናግሯቸው፤ ይሰማሉ። በሩን አትዝጉ። ቅናት ከያዛችሁ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። እኔ ነግሬያለሁ፤ «ሌሎቹ አጠገባቸው ሲቀመጡ አንቺ ተኝተሽ እረፊ» ብለውኝ ነበር፣ ከቀኖና ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

በመጨረሻ ስሜን ጠሩ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጠሩ። በሰባተኛው ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ «ጽጌ» አሉ፤ ጥርት አድርገው። የሚያዩት ግን እጅጋየሁን ነበር። አንድ አፍታ ያ የድሮው ነገር ደረቴን ወጋኝ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ሁለታችንም «አቤት» አልን።