ከባለአልጋው መኪና ኋላ

ጉለሌ የነበረው ጋራዥ ከደረጀ ጋር የገባነው በአንድ ቀን ነው። ቅናቴም የጀመረው የዚያኑ ዕለት ነው፤ አልደብቅም። ዋና መካኒካችን ጋሽ ክንፉ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አሳዩንና ምን እንደሆነ ጠየቁን። እኔ ቱታዬን ሳልቆልፍ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ላይ ተደፋሁ። ደረጀ ግን ከኋላ ዞሮ ፓራውልቱን በእጁ ወደ ታች ገፋ፣ ለቀቀው፣ መኪናው እስኪረጋ ስንቴ እንደነጠረ ቆጠረ። አሞርዛተሩ ሞቷል አለ። ጋሽ ክንፉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የኔን ትከሻ ማንም አልነካም።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት አብረን ሠራን። መሪ በመያዝ ግን እኔን የሚያህል አልነበረም፤ ይህን የሚጠላኝም ይመሰክራል። ምን ያደርጋል፣ ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ የሚጠራው ደረጀ ነው።

በደርግ ጊዜ አገር ለቀው የሚወጡ ፈረንጆች መኪናቸውን ሸጠው ይሄዱ ነበር። ከነዚያ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ጋን ያላቸው ሁለት መኪኖች ነበሩ፣ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነጭ፤ እኛ ባለአልጋ እንላቸዋለን። አንድ የጤና መሥሪያ ቤት አንዱን ለገጠር ክትባት ሊገዛ ፈለገና እንድንመርጥለት ወደ እኛ ላካቸው። ከመኪኖቹ ጋር ሲስተር አበበች የምትባል ነርስ መጣች፤ መኪናው ሲገዛ ከኋላው የምትሠራው እሷ ናት። ጋራዡን በረገጠች ዕለት ሁላችንም እጃችንን በሳሙና ታጠብን።

ጋሽ ክንፉ፣ የመረጠው መኪና የተገዛለት ሰው ሾፌርም መካኒክም ሆኖ አብሮት ይወጣል አሉ። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት በሚጠየቅበት ዘመን፣ አገር እያዩ መዞር፣ ያውም ከአበበች ጋር! በዕድሜዬ እንደዚያ ሥራ የተመኘሁት ነገር የለም።

ሁለቱንም ባዷቸውን ነዳኋቸው። የአጭሩ ባሌስትራ ደረቅ ነው፤ የሰፈሩን ድንጋይ ሁሉ ወገቤ ቀመሰው። ረጅሙ ነጭ ግን ሶፋ ነው። ነጩ ይገዛ አልኩ። አበበችም ፈገግ አለችልኝ። በቃ፣ ሥራው የኔ ሆነ ብዬ ደመደምኩ።

ደረጀ ነጩን ዞሮ አየው። ጅራቱ ከኋላው ጎማ አልፎ ምን ያህል እንደወጣ በክንዱ ለካና እኔ አጭሩን እመርጣለሁ አለ። ከዚያ የውኃ ጋኑ ይሞላ፣ በመድኃኒቱና በዕቃው ምትክም አሸዋ በጆንያ ይጫን አለ። ቤንዚን በኩፖን ነበርና ጋሽ ክንፉ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ግን እሺ አሉት። መቼ እምቢ ብለውት ያውቃሉ?

መሪውን ይይዛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አንተ ንዳ፣ ያንተ እጅ ይሻላል። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ» አለኝ። አበበችም የሥራ ቦታዬን ልየው ብላ ከኋላ ገባች። ጋሽ ክንፉ ከጎኔ ተቀመጡ።

እንጦጦን ወጥተን ቁልቁል ስንመለስ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። በመስታወት አየሁ። ደረጀ አልጋው ላይ ተንጋሎ የሆነ ነገር ያወራል፣ እሷ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። እስቲ አሁን ሳቁ ብዬ ፍጥነት ሳልቀንስ ኩርባው ውስጥ ገባሁ።

ያ ሶፋ የነበረው መኪና ሌላ ሆነ። ጋኑ ውስጥ ውኃው ሲናጥ ይሰማኛል፤ ጅራቱ ወደ ገደሉ ተወረወረ፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት የለቀቁ ይመስል መሪው እጄ ላይ ቀለለ። የቁም ሳጥኑ በር ተበረገደ። ማርሽ ቀንሼ እንደምንም ቀጥ አደረግኩትና ዳር ይዤ አቆምኩ። ደረጀ ወርዶ ባሕር ዛፍ ሥር አስመለሰው። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም።

አበበች ጋዎኗን እያራገፈች፣ «ጋሽ ክንፉ፣ እኔ በዚህ መኪና ገጠር አልወርድም» አለች።

ያንኑ ሸክም ወደ አጭሩ አዛወርንና በዚያው ኩርባ ነዳሁት። ክብደቱ ባሌስትራውን ተጫነው፣ ድርቀቱም ረገበ። ይነጥራል እንጂ መንገዱን አይለቅም። አበበች እየሄድን ውኃ በብርጭቆ ቀድታ ጠጣች።

ጋራዥ ስንመለስ ደረጀ ሁሉም እየሰማ፣ «የፈተነው እኮ እሱ ነው። እኔ ብነዳው ቀስ ብዬ ስለምሄድ ጉዱ አይታወቅም ነበር» አለ። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ይበልጥ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ቢኩራራብኝ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

አጭሩ ተገዛ። ደረጀ መሪውን ይዞ፣ አበበች ከጎኑ ተቀምጣ፣ ክላክስ እያደረጉ ከጋራዡ በር ወጡ። እኔ ነጩን ለባለቤቱ እንድመልስ ተላክሁ። ባዶውን ስለነበር መንገዱን ሙሉ ተመቸኝ።

ዛሬ ሁለታችንም ጡረተኞች ነን። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ስንገናኝ ስሞኝ፣ ያ እጅህ እንዴት ነው ይለኛል። አሁንም ያስቀናኛል፤ ወገቡ እንኳ አልጎበጠም።

ያገለገለ ባለአልጋ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ጋኑን ሞልታችሁ፣ ዕቃውን ጭናችሁ ፈትኑት። መሪውን ለሌላ ሰው ስጡና እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። መኪናው የሚታወቀው እዚያ ነው። እኔ ከፊት ነበርኩ።