ቆመው የሰሙት የመርከብ ታሪክ

ወረርሽኙ የገባ ጊዜ ልጆቼ ሱቁን ዘግቼ ሜይፌር፣ ሰፈራቸው፣ ከእነሱ ጋር እንድቀመጥ ፈለጉ። አልሄድም አልኩ። በስደት አገር፣ ጻካኔ በሚባለው የድሆች ሰፈር ያለችው ስፓዛዬ፣ የሰፈር ሱቄ፣ ጠባብ ናት፤ መደርደሪያዋንም ባንኮኒዋንም በእጄ ነው የሠራሁት። ከመንገዱ ማዶ ያሉት አሮጊቶች ዳቦና ነጭ ጋዝ የሚገዙት ከእኔ ነው። እኔ ብዘጋ ወዴት ይሄዳሉ?

ልጆቼ አልተዉኝም፤ ሽማግሌ ላኩብኝ። መንገድ ስለተዘጋ ሽምግልናው በስልክ ሆነ፣ በቪዲዮ። ሦስቱም ከልጄ ጋር አንድ ግቢ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። ትልቁ ከሆሳዕና አብሮኝ የወጣ እኩያዬ ነው። ልጄ ሳሎን መሀል ተደርድረው ቆሙና፣ "እሺ እስክትለን አንቀመጥም" አለኝ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት ይከብዳል። እሺ ሳይባል ከተቀመጠ ግን ልመናው አበቃ ማለት ነው።

"እንግዲያው ቆማችሁ አንድ ታሪክ ስሙኝ" አልኳቸው።

በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛዬ የቆየ መጽሐፍ አውሶኝ ነበር፤ ድሮ በሸራ ይሄድ ስለነበረ የእንጨት የጦር መርከብ የሚያወራ። እንግሊዝኛው ለእኔ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ እኔ ሥዕሉን እያየሁ የልጅ ልጄ በስልክ ትተረጉምልኝ ነበር፤ ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ።

እናም ከዛፉ ጀመርኩ። እንዴት እንደተቆረጠ፣ ግንዱ እስኪደርቅ ስንት ዘመን እንደተጠበቀ፣ የመርከቧ ጎድኖች እንዴት እንደቆሙ፣ ሳንቃው በእንጨት ችንካር እንዴት እንደተያያዘ፣ ስንጥቁ በቃጫና በቅጥራን እንዴት እንደተደፈነ። እኔ እንደሆነ አልቸኩልም። መድፎቹ ገና ሳይጫኑ አንደኛው ሽማግሌ ግድግዳ ተደገፈ። ሸራው ሲሰቀል ሌላው ጉልበቱን ያሽ ጀመር።

ጦርነቱ ላይ ደረስን። ጥይት ሆዷን ሲበሳት፣ ላይ ያሉት ይተኩሳሉ፣ አናጢዎቹ ታች ውሃ ውስጥ ቆመው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። በኋላ በሽታ ገባባት። ወደቡ ሁሉ አትጠጊን አላት። መልህቋን ባሕር ላይ ጥላ ቆመች፤ ያልታመመው የታመመውን ያስታምማል።

"ጥሏት የወጣ የለም?" አለ እኩያዬ።

"ወዴት ይወጣል?"

ሶፋው ሲጥ ሲል ሰማሁ። ተቀምጧል። ሁለቱም ተከተሉት። ከኋላ ልጄ፣ "ኧረ ጋሼ፣ ምነው?" እያለ ያጉተመትማል።

"ታዲያ መጨረሻዋስ?" አለኝ እኩያዬ፣ እግሩን ዘርግቶ።

የብረት መርከብ ስለመጣ ምሰሶዋን ነቅለው ወደብ ዳር እንዳሰሯት፣ የበሽተኛ ማረፊያ እንደሆነች ነገርኩት።

"አርጅታ በሰበሰች በለኛ፣ እንዳንተ።"

"እንደኔ። ግን እስከ መጨረሻው ሰው ይዛለች። እኔም አልዘጋም።"

በማግስቱ መስኮቱን ስከፍት አሮጊቶቹ ተራርቀው ቆመዋል። "ሳውቦና ባባ" ብለው በቋንቋቸው ሰላም አሉኝ፤ ዳቦውን በፍርግርጉ አቀበልኳቸው። ልጄም ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አልላከብኝም። ማስክ ነው የላከው፣ በካርቶን።