በእምምታ የታለፉት ሁለት ስንኞች

ልብስ ተኳሿ ካውያ ይዛ መቆም ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ከዚያ በፊት ለአንድ ቀን ዘፋኝ ነበረች። ታናሽ እህቷ የገጠመችላትን ዘፈን ልትቀዳ ስቱዲዮ ገብታ፣ የዘፈኑ የመጨረሻ ሁለት ስንኞች ከራሷ ብን ብለው ጠፉ። እምምም ብላ፣ መሀል ላይ አንዴ ስላ፣ አለፈቻቸው። ባለ ስቱዲዮው ድጋሚ አልቀዳም አለ። ካሴቱ እንደዚያው ወጣ፤ ደግነቱ የገዛው ሰው ጥቂት ነው። እህቷ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። ሳትወቅሳት ሞተች፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

የእህቷ ልጅ ደግሞ አድጎ ባንድ አቋቋመ። ሰፈሩ ጄኔሬተር ይለዋል፤ ጊታሩን የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። የሚጫወቱት ኖይዝ ሮክ እንደሚባል፣ ኖይዝ ማለትም ጫጫታ እንደሆነ ነገራት።

«ቢያንስ አትዋሹም» አለችው።

የመጀመሪያ አልበማቸው ዘጠኝ ዘፈን ነው፤ አምስቱ የድሮ ዘፋኞች ሥራ፣ አራቱ የራሳቸው። ከአምስቱ አንዱ የእሷ ነው። የፈቀደችው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእናቱ ሁለት ስንኞች በእምምታ ሳይታለፉ ከነቃላቸው እንዲዘፈኑ። ቁጭ ብላ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አልበሙን በስልኩ ይዞ የምትሠራበት ላውንደሪ ድረስ መጣና የሱቁ ስፒከር ላይ ሰካው። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር አብራት የምትሠራው አጣቢ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ልታጠፋ ሮጠች።

«ምን ነካው ይሄ ማሽን?»

«ማሽኑ ደህና ነው። የእህቴ ልጅ ነው።»

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ተኳሿ ቀና አለች። «ይሄ የራሳችሁ ነው?»

«አዎ፣ አክስቴ! በምን አወቅሽ?»

«ማንም አይሰርቃችሁም፤ አትስጉ።»

ሰባተኛው ላይ፣ ከዚያ ሁሉ የቆርቆሮ ኳኳታ ሥር፣ ዘፈኗን ለየችው። ካውያውን አቆመች። መጨረሻው ደረሰ። እምምም አለ የልጁ ድምፅ ከስፒከሩ። የእሷን ሳል እንኳ ከነቦታው ስሎታል።

«ቃሉስ?»

«አክስቴ፣ እምምታው እኮ ነው የዘፈኑ ነፍስ። ቃል ያበላሸዋል ብለን…»

«ሳሉም ነፍስ ነው? ወረቀቱን አምጣ።»

ልጁ ስልኩን ከስፒከሩ ነቀለ። «ጥቁሩ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ረሳሁት። ከዚያ አንቺን ልጠይቅ ፈራሁ።»

ጥቁሩን ሱሪ ታውቀዋለች። ባለፈው ወር የላውንደሪው ባለቤት ሳያይ ከደንበኛ ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ የከተተችው እሷው ነች። ኪስ ሳይፈተሽ ልብስ ማሽን አይገባም እያለች አጣቢዋን ስንቴ ጮኻባታለች! ከታጠበ በኋላ ከኪሱ የረጠበ የወረቀት ብጥስጣሽ አውጥታ፣ «ምን ዓይነቱ ዝርክርክ ነው» ብላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ስድቡ ለራሷ ኖሯል። ሁለቱ ስንኞች ሁለት ጊዜ ጠፉ፤ ሁለቴም በራሷ።

«አልበሙ ታትሟል እኮ፣ አክስቴ። በቃ አልቋል።»

«ቅዳሜ የምትጫወቱበት መድረክም ታትሟል?»

«እሱማ… አልታተመም።»

«እንግዲያስ ና፣ ያንን አንሶላ ጫፉን ያዝልኝ። በል ስማ።» ሳታየው፣ ካውያዋን እየገፋች፣ አንድም ቃል ሳይጠፋባት አለችው፦

«በሩን አትቆልፊው ሄደች ብለሽ እኔን፣
ጫማዬን ነው እንጂ አልወሰድኩም ልቤን።»

ልጁ ጀመረ። ያለ ጊታር ድምፁ የጫጩት ነው፤ ይሄን ይዞ ነው ያን ሁሉ ስፒከር የሚያስጨንቀው። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደምንም ተወጣው። ሁለተኛው ላይ ደረሰና፣ «ጫማዬን… እምም…»

ካውያውን ከአንሶላው ላይ አነሳችው።

«እምም በልና አሳይሃለሁ። ከመጀመሪያው!»