የዳቦው ጡሩምባና ሚኒስትር የተባለው ድመት

ኦዲል ፔሩዳን በተራራው መንደሮች ዳቦ እያዞረች መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዳቦው ላይ ወሬ ትመርቃለች። የመንደሯ የሞንፍለረል ዳቦ ቤት የተዘጋውና ባሏ ከፀጉር ሠሪዋ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ የኮበለለው በአንድ ወር ውስጥ ነበር። ኦዲል ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን የባሏን ነጭ መኪና ጎኑን አስበስታ መስኮት አስወጣችለትና ከከተማ ዳቦ ጭና ከተፍ አለች። «እሱ ፀጉር ሠሪዋን ወሰደ፣ እኔ መኪናውን። ማን እንደተጎዳ ክረምት ሲመጣ እናያለን» አለች ይባላል። እሷ አላልኩም ትላለች፤ ስትክድ ግን ትስቃለች።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አደባባዩ ጥግ ቆማ የመኪናዋን ጡሩምባ ሦስት ጊዜ ትነፋለች። ጡሩምባው እንደታመመች ላም ነው የሚጮኸው። ሰዉ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይወጣል። ኦዲል ማንም ሳይነግራት የሁሉን ጓዳ ታውቃለች፦ ሙሉ ዳቦ ይገዛ የነበረ ሰው ግማሽ ከጠየቀ ቤት ውስጥ ኩርፊያ አለ፤ ላጤው ፖስተኛ ለቁርሱ ሁለት ክሯሳን ካለ እንግዳ አድሯል። «ከኔ አይወጣም» ትለዋለች። የሚቀጥለው መንደር ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ይጠብቃታል።

ቤቷ ውስጥ ሌላ ነፍስ ቢኖር ሚኒስትር ነው፤ አመድማ፣ ቦርጫም ወንድ ድመት። ሹመቱን ያገኘው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ በየቤቱ ስለሚጋበዝ ነው። በስሙ ቢጠሩት ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። የዳቦው ጡሩምባ ሲጮህ ግን፣ ኦዲል የፎርማጆ ቅርፊት እንደምትሰጠው ስለሚያውቅ፣ ያ ሁሉ ቦርጭ ወዴት እንደሚገባ እንጃ፣ እንደ ጥይት ይወነጨፋል።

በመከር ወራት የፊልም ሰዎች መንደሩን ወረሩት። ፊልሙ የቤተሰብ ነው፤ አንዲት ልጅ ድመቷ ይጠፋባትና ስትፈልገው ትከርማለች። ልጅቷን ሆና የምትሠራው አፖሊን የምትባል የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሦስት የሠለጠኑ መንታ መሳይ አመድማ ድመቶችም አብረው መጡ። ሁሉም ነገር አልቆ የቀረው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር፦ ድመቱ አደባባዩን አቋርጦ ልጅቷ እቅፍ ውስጥ ሊገባ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሞከሩ። አንዱ ድመት ተኛ፣ ሁለተኛው ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እስካሁን አልወጣም። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ጓዛቸውን ጭነው መሄዳቸው ነው።

ማክሰኞ ማምሻውን ኦዲል ወደ ጋስፓር ካፌ ገባች። ጋስፓር ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረ ነገረኛ ነው። ከባንኮኒው በላይ የዱር አሳማ ጭንቅላት ሰቅሏል። አያቱ በአንድ ጥይት እንደጣሉት ይምላል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አሳማውን የገደለው የወተት መኪና ነው ይላሉ።

«ሦስት የተማሩ ድመቶች አምጥተው አንዱ እንኳ ቀጥ ብሎ አይሄድላቸውም» አለች ኦዲል። «የኔ ሚኒስትር ቢሆን ከመንደሩ ጫፍ ነበር የሚበረው።»

«ያንቺ ሚኒስትር? ባለፈው ሳምንት ረግጬው ነው በሕይወት መኖሩን ያወቅሁት።»

«ሰው ይመርጣል። አንተን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከሮጠ ይህን አሳማ አውርጄ የሱን ፎቶ እሰቅላለሁ። ካልሮጠ አሳማውን ዳቦ መኪናሽ ላይ ሰቅለሽ ዕድሜሽን ሙሉ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።»

«ይሁን!» አለች ኦዲል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ጥግ ላይ አፖሊን ከዳይሬክተሯ ከክሎቲልድ ጋር ትኩስ ቸኮላት ትጠጣ ነበር። ተነሥታ መጣች። «ማዳም፣ እውነት ይሮጣል? አለዚያ እኮ ድመቴ ሳይገኝ ፊልሙ ሊያልቅ ነው።»

ኦዲል ልጅቷን አየች። የአሳማው ነገር በአንዴ ከልቧ ወጣ። «ይሮጣል፣ የኔ ልጅ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዋን ከካሜራው ጀርባ አቆመች። ክሎቲልድ ስለ ጡሩምባው አልተጨነቀችም። «አያስቡ፣ ድምፁን በኋላ ከፊልሙ ላይ እናጠፋዋለን» አለቻት። አፖሊን በኪሷ የፎርማጆ ቅርፊት ይዛ አደባባዩ ላይ ባለው የውኃ ምንጭ አጠገብ ቆመች። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ኦዲል ሦስት ጊዜ ነፋች።

ጸጥ አለ። ቀጥሎ አንድ በር ተከፈተ። የዘጠና ዓመቷ ማዳም ቪዮኔ በሌሊት ልብሷ፣ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። ሌላ በር፣ ሌላ በር። ፖስተኛው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ። ጋስፓር ራሱ፣ የዳቦ ከረጢቱን በእጁ ይዞ። ካሜራው ፊት ሥርዓት ያለው ሰልፍ ሠሩ። ሚኒስትር መጣ አልመጣ፣ በዚያ ሁሉ ቁርጭምጭሚት መሃል ማን ይየው!

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» አለች ኦዲል ራሷን ይዛ።

«አንቺ ልጅ፣ ረቡዕ መሆኑን እኔም አውቃለሁ» አለች ማዳም ቪዮኔ። «ጡሩምባው ነው ያላወቀው።»

«አንተስ ምን ልታደርግ ወጣህ?» አለችው ጋስፓርን።

ጋስፓር ከረጢቱን አየ። «እግሬ ነው የወጣው» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ተመለሰ። በራችሁን ዝጉ፣ ማንም እንዳይወጣ ተባለ። ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ጭጋግ ከተራራው ጫፍ እስከ ወገቡ ወርዷል። ኦዲል ነፋች። በር አልተከፈተም። ድመትም የለ። ደግማ ነፋች። የአፖሊን ከንፈር መርገብገብ ጀመረ፤ ይህ ደግሞ ትወና አልነበረም።

ያኔ ከካፌው በር ሥር የመቧጨር ድምፅ ተሰማ።

ኦዲል ሄዳ በካፌው መስታወት አጮልቃ አየች። ሚኒስትር ከውስጥ በሩን ይቧጥጣል፤ ባንኮኒው ሥር ትንሽ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ የአሳማ ጭን ሥጋ በስሱ ተቆርጧል። ሳህኑ ጠርዙ ላይ አበባ አለው። የጋስፓር እናት ለእንግዳ ብቻ ያወጡት የነበረው ሳህን ነው።

«ጋስፓር» አለች በቀስታ፣ «ረግጬው ነው ያልከኝ?»

ጡሩምባው ሲቆም ድመቱ ወደ ሳህኑ ተመለሰ፣ በሩም ገርበብ አለ። የጋስፓር ጆሮ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «በየቀኑ አይደለም» አለ። «እሑድ ዝግ ነን።»

ኦዲል ወደ ክሎቲልድ ሮጠች። «በሩን ከዘጋችሁ ሚኒስትርም አብሮ ይዘጋበታል። ከአፍታ በኋላ ደግሞ ማን ቤት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ይውጣ!»

«ሰልፉስ?» አለች ክሎቲልድ።

አፖሊን ጣልቃ ገባች። «ይውጡ። ድመቴን ሁሉም ሰው ቢጠብቀው ምን አለበት? ጡሩምባውን ደግሞ እኔ ልንፋ።»

ክሎቲልድ ሰዓቷን አየች፣ ጭጋጉን አየች፣ ካሜራውን ወደ ዳቦ መኪናው አዞረች። ልጅቷ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ኦዲል ከመቀመጫው ጎን አጎንብሳ የትኛውን እንደምትጫን በክንዷ አሳየቻት። ጡሩምባው አጓራ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ዘንቢሎቹ ወጡ፣ ማዳም ቪዮኔ ሰልፉን መራች። በመጨረሻ የካፌው በር ተከፈተ፤ ሚኒስትር ሥጋውን በአፉ እንደያዘ ተፈተለከ። አደባባዩ መሃል ሲደርስ የፎርማጆው ሽታ ደረሰው። ሥጋውን ጣለ፣ በማዳም ቪዮኔ እግሮች መካከል ሾለከ፣ በተከፈተው የመኪናው በር ዘሎ አፖሊን ጭን ላይ ወደቀ። ልጅቷ በሌሉት ጥርሶቿ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ሳቀች። ካሜራው ሁሉንም ዋጠው። ጭጋጉ አደባባዩን ሲሸፍን ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

በፀደይ ፊልሙ በመንደሩ አዳራሽ ታየ። ማን ምን እንደሚል የሰማ የለም፤ ሁሉም ራሱ ሲወጣ ይጮኽ ነበር። ኦዲል የታየችው ክንዷ ብቻ ነው። በባሕሩ ዳርቻም ፀጉር ሠሪዋ ፊልሙን አይታ «ያ የማን ክንድ ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ባልየውም አላውቅም አለ ይባላል። ይህን ማን እንዳመጣው ባይታወቅም ኦዲል ለሰባት መንደር አዳርሳዋለች።

በማግስቱ ጋስፓር መሰላል ላይ ወጣ። አሳማው ወረደ።

«ፎቶውን ትንሽ ወደ ግራ» አለች ኦዲል ከታች።

«ደህና ነው ያለው።»

«ወደ ግራ አልኩህ። ሳህኑን አሻግሮ ማየት አለበት።»