አናቱ ለላም፣ ቅጠሉ ለእናቴ

እናቴ እህል አልቀምስ ያለች ጊዜ ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። አጥሚት አፈላን፣ የዶሮ መረቅ ሠራን፣ የምትወደውን የእንሰት ሙቿ በቂቤ አርሰን አቀረብንላት፤ ሁሉም አስመለሳት። ሀኪሙም "ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?" ብሎ አሰናበተን። የቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ እኔ ነኝና ምድጃው የእኔ ነበር። እናቴን አብልቼ ላድናት ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አባቴ በምንኖርባት ሶዶ ከተማ፣ ፈረንጆች ግቢ አትክልተኛ ነበር። አንድ ቀን ለምሳ ሲመጣ አንድ አረንጓዴ ነገር ከነቅጠሉ በጋቢው ጠቅልሎ አመጣ። "ብሮኮሊ ይሉታል፤ ሆድ አይከብድም አሉኝ" ብሎ ለአክስቴ ሰጣትና ወደ ሥራው ተመለሰ። አክስቴ እናቴን ልታስታምም ከዲምቱ የመጣች ናት። አገላብጣ አየችውና "ወይ ጉድ! ጎመኑ አርጅቶ አብቧል እኮ!" አለች። እኛ ዘንድ ጎመን አናቱ ላይ አበባ ከያዘ አበቃለት፤ አናቱ ተቀንጥሶ ለከብት ይጣላል። እሷም እንደ ልማዱ አናቱን ለላሟ ወርውራ፣ ቅጠሉን ከትፋ ቀቀለችው። እናቴ አንዴ አኝካ ተፋችው።

አባቴ ሲመለስ ራሱን ያዘ። "አንቺ ሴትዮ! የሚበላውን ለላም አብልተሽ የላሟን ለእህትሽ ሰጠሻት?" እናቴ ከተኛችበት ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! እኔ ደግሞ ሳቋን ስሰማ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሌላ አመጣ። ይሄኛውን ማንንም አላስነካሁም። አናቱን በትንሽ በትንሹ ገነጣጥዬ፣ ግንዱንም ልጬ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርኩና አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ቶሎ አወጣሁት። እንደ ጎመን ቢቆይ ኖሮ ይላሽቅ ነበር። ቂቤ አቅልጬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጣል አደረግኩበት፣ ኮረሪማ ነሰነስኩ፣ ከዚያ አገላበጥኩት። የሚያቃጥለው ዳጣ ለእኛ እንጂ ለእሷ ሆድ አይሆንም።

በላች። እናቴ በላች! "ጨምሪልኝ" ስትል አክስቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ሮጦ መጣ። እኔማ ዳነች ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ያመጣል፣ እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ትበላለች። ሥጋ ግን አልያዘችም። እየበላች ከሳች፣ እየበላች ደከመች፣ እየበላች ሞተችብኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከእሱም ከምድጃውም ተጣላሁ።

ለቀስተኛው ተበትኖ አባቴ ሥራ በገባበት ቀን፣ ብሮኮሊ ይዞ ተመለሰ። ምን እለዋለሁ? ተቀብዬ እንደ ወትሮው ሠራሁት። ትንሽ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ።

"ብላ እንጂ አባዬ" አልኩት።

"በቃኝ፤ የቀረው ለእናትሽ ነው። ሳይቀዘቅዝ ስጫት።"

እሺ አልኩት። ሳህኑን ይዤ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።