የጋሼ ኪዳነ ወልድ ጉርሻ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ካፊያውን በጎን እያመጣ ፊት ላይ ይረጨዋል። ጋሼ ኪዳነ ወልድ ከባቡር ወርደው ሲገቡ ኮታቸው ረጥቧል።

«ዛሬም አጠገቤ የተቀመጠ የለም» አሉኝ። «ሰው ቦታ የሚለቅልኝ ሽበቴን አክብሮ እንዳይመስልሽ።»

በሰው አገር የምንሠራው የታመሙ የባሕር እንስሳት በሚታከሙበት ቦታ ነበር። እኔ ወለልና ፎጣ አጥባለሁ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ዓሣና ክላም የሚሉትን ባለቅርፊት የባሕር ምግብ ይከትፋሉ፤ ሽታው በሳሙና አይለቅም።

ያኔ እናቱን ያጣ አንድ የኦተር ግልገል መጥቶልን ነበር። ኦተር ፊቱ ድመት የሚመስል፣ በጀርባው ተንሳፍፎ የሚበላ ጸጉራም እንስሳ ነው። ከኛ በስተደቡብ ባለው ጠረፍ ድሮ ሞልቶ ነበር ይባላል፤ አዳኞች ለቆዳው ብለው ከመቶ ዓመት በፊት ጨረሱት። አለቃችን፣ ሮቢ የምትባል ወጣት ፈረንጅ፣ ግልገሉን አሳድጋ እዚያ ልትለቀው ነበር ሐሳቧ።

ስለዚህ ሰው መልመድ የለበትም። ወደ ገንዳው የሚገባ ጥቁር ካባ ይለብሳል፣ ፊቱን በጭንብል ይሸፍናል፣ ቃል አይተነፍስም። ምግቡ ውኃ ውስጥ ይጣልና ግልገሉ ራሱ ጠልቆ ያወጣዋል። ሰው የለመደ ኦተር ባሕር ሲገባ ጀልባ ባየ ቁጥር ምግብ ፍለጋ ይጠጋል፤ መሞቻውም ያ ነው።

ጋሼ ይህን ያውቃሉ። ከሁላችንም በላይ እንዲለቀቅ የሚፈልጉትም እሳቸው ነበሩ። «ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ስጠብቅ ኖርኩ» ይሉኝ ነበር። «አንድ ነገር በእጄ አድጎ በሕይወት ሲሄድ ልይ።»

ያን ቀን ግን ግልገሉ መብላት ትቶ ነበር። ሐኪም ከሰዓት ይመጣል ተብሏል። ሮቢ «እስከዚያ ጣሉለትና ውጡ» ብላለች። ጋሼ ጣሉለት። አልነካውም። ይሄን ጊዜ ጭንብላቸውን አወለቁ።

«ጋሼ ይተዉ! ክልክል ነው እኮ።»

«ፊቱን ከሸፈነ ሰው እጅ ማን ይበላል?»

ጓንታቸውንም አወለቁና ጎንበስ ብለው ክላሙን ወደ አፉ አስጠጉ። «እንካ የኔ ጌታ። በሞቴ! እኔ ልሙት!»

በላ። ጉርሻ አንድ ሆኖ አይቀርምና ደገሙት፣ ሠለሱት። ሐኪሙ ሲደርስ ግልገሉ ከውኃው ራሱ እያወጣ ይበላ ነበር። ሮቢ በደስታ ሁለታችንንም አቀፈችን።

በዚያው ቢቆም ጥሩ ነበር። ግልገሉ ግን ጭንብል ለብሰው እንኳ ያውቃቸዋል፤ ሲገቡ አፉን ይከፍታል። የተከፈተ አፍ ደግሞ ጋሼ ማለፍ አይችሉም።

በበጋ፣ መሄጃው ሲደርስ፣ ሮቢ ልትፈትነው ፊቷን ሳትሸፍን ገንዳው ዳር ቆመች። መሸሽ ነበረበት። ቀጥ ብሎ መጣና ተንጋሎ አፉን ከፈተላት።

ወደ እኛ ዞረች። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ በዚያች ባለቻቸው እንግሊዝኛ። «አልበላ ሲል አጎረስኩት። ይሞት ነበር።»

«ሐኪሙ እየመጣ ነበር እኮ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥቂት ወር ብጠፋበትስ? ይረሳኛል በያት።»

ነገርኳት። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ግልገሉ ወደ ሌላ ስቴት ተላከ። ሰው ቲኬት ቆርጦ በመስታወት የሚያየው ገንዳ ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። የሚለቀቅ ሌላ ስላልነበረን ያ ጠረፍ ባዶ እንደሆነ ነው። ጋሼን ያባረራቸው የለም፤ ራሳቸው ቀሩ።

ለፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ማዕድ ላይ የልጅ ልጃቸው ሃሴት እንደ ልማዷ አፏን ከፍታ ጠጋ አለቻቸው። ሳህኑን ወደ እሷ ገፉላት።

«በእጅሽ ብይ።»

«ዋይ?» አለች በእንግሊዝኛ፣ ለምን ማለቷ ነው።

እንጀራውን ቆርሰው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

አሁን ሾርላይን በሚባለው ከተማ፣ ልጃቸው ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ። ሥራ የላቸውም።