ስሙ ያልተጠራው አባወራ

የልጅ ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት እንደገባች ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «አኮ፣ ስለ ድሮ ኑሮ አውሪኝ! መጀመሪያ ሙሉ ስምሽን፣ ቀጥሎ የባለቤትሽን ስም» አለችኝ። ይቺ የስም ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን የታሪክ መምህራችን፣ «ነገሥታቱን ተዉአቸው፤ በጣሊያን ጊዜ ተራው ሰው እንዴት እንደኖረ አዛውንት ጠይቁ» አለን። ደስ አለኝ። የአጎቴን ቴፕ ለምኜ፣ በመስከረም ጭቃ እየተንቦራጨቅሁ ከከሚሴ ወደ ጨፋ ወረድኩ፤ እመት ዘሀራ ዘንድ። ልጅም ዘመድም የሌላቸው አሮጊት ነበሩ።

የበቆሎ እሸት እየጠበሱልኝ ስለ «አባወራዬ» አጫወቱኝ። ከባቲ ጨው ጭኖ ሲመለስ ከሩቅ ያንጎራጉር ነበር። ያለ በርበሬ እህል አይቀምስም። ቦርከና ሞልቶ ማሳቸውን የወሰደው ጊዜ ቁጭ ብሎ ሳቀ አሉ። በኋላ ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ድንጋይ ሊፈልጥ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሬሳውንም አላዩ።

«ስማቸው ማን ነበር?» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ።

«አስተግፊሩላህ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የአባወራ ስም ይጠራል እንዴ?»

«ለታሪክ ነው እኮ፣ እመት!»

«ታሪኩ ይቅርብኛ!» ትንሽ አሰቡና፣ «በነቢ ስም ነው የሚጠራው» አሉ።

«በየትኛው ነቢይ?»

«እሱን አላህ ያውቀዋል።»

ኧረ የአላህ ያለህ! ሙሐመድ ይሁን ኢብራሂም፣ ሙሳ ይሁን ዩሱፍ? ጎረቤቱን ሁሉ ዞርኩ፤ የሚያውቁት «የዘሀራ ባል» ብለው ብቻ ነው። መምህሩማ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ስም የሌለው ሰው ታሪክ አይሆንም» ብሎ ካሴቱን መለሰልኝ። ተራ ሰው ጠይቁ ያለው እሱ ራሱ! ደሜ ፈላ።

እመት ዘሀራ በዓመቱ ሞቱ፤ ስሙንም ይዘውት ሄዱ። ለሳቸው ክብር ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እናደዳለሁ፤ ሰውዬው በርበሬ መውደዱን አውቄ በስሙ ዱዓ ላደርግለት አልቻልኩም።

እኔስ ብሆን? ከተጋባን ጀምሮ ባሌን «የከድር አባት» እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ወደ ልጅቷ ስልክ ጠጋ አልኩ።

«ሰኢድ» አልኩ በቀስታ።

«አልተሰማም፣ አኮ! ጮክ በይ።»

«ሰኢድ እንድሪስ!»

በረንዳ ላይ የነበረው ባሌ ደንግጦ ገባ። «ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኩት። «እንዳትጠፋብኝ ነው።»